ፊደሉን፣ ፊርማውን፣ ማኅተሙን ይዞ የሚሄድ ማሽን

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ግርጌውን እዩት። ስልክ፣ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ኢሜይል፣ ከዚያ ፋክስ። ማሽኑ ተነቅሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ከገባ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ግን አሁንም ደብዳቤው ላይ አለ። ወጣቶቹ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላሉ። ኋላ ቀርነት አድርገው የሚያዩትም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፋክስ፣ ወረቀትን እንዳለ በስልክ መስመር የሚልከው ማሽን፣ የሠራውን ያህል አልተነገረለትም። ለአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ትልቅ ውለታ የዋለ ማሽን ነው፤ ዛሬ ልመሰክርለት ነው።

ዘመኑ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር የምንሸጋገርበት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ድርጅት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ቴሌክሱም ፋክሱም ከጠረጴዛዬ አይርቁም። አንዱ እየደከመ፣ ሌላው እየበረታ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቴሌክስ መጥፎ ማሽን አልነበረም። እዚህ የተመታውን መልእክት በሽቦ ልኮ እዚያ ማዶ በጽሑፍ ያወጣዋል። እዚያ ማዶ ያለው ማሽን የራሱን መለያ ስለሚመልስ ለማን እንደደረሰ ይታወቃል። ባንኮች ያምኑት ነበር፤ ነጋዴውም ውል ይዋዋልበታል። ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። ቴሌክስ እያንዳንዱን ፊደል በ5 የኤሌክትሪክ ምት ነው የሚልከው። ከ5 ምት የሚወጣው ቅንብር 32 ብቻ ነው። የፊደልና የቁጥር መቀያየሪያ ሲጨመርበት የላቲን ፊደሎችን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን ይይዛል። በቃ። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ።

ስለዚህ በእኛ ቴሌክስ አማርኛ መላክ ካስፈለገ በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ነበር። በላቲን ሲጻፉ "ጠራ" እና "ተራ" አንድ ይሆናሉ። የሰው ስምማ አይነሳ። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ በአማርኛ የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር (የቴሌክስ መጻፊያ ማሽን) ሠርተዋል፤ በእውነት የሚያኮራ ሥራ ነው። እንደኛ ባለ ተራ የንግድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ግን የላቲኑ ነው።

ፋክስ ፊደል አያውቅም። ጉልበቱም ይኸው ነው። ገጹን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያነበበ ይወርዳል። እያንዳንዱን መስመር 1728 ነጥብ አድርጎ ይከፋፍልና ነጥቡ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ ብሎ ይመዘግባል። ተከታታይ ነጭ ሲያገኝ አንድ ላይ ጠቅልሎ በአጭር ኮድ ይልከዋል። ባዶ ቦታ የበዛበት ገጽ ቶሎ የሚያልፈው፣ በሠንጠረዥ የተሞላው የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ለማሽኑ "ሀ"ም፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማም፣ ክቡ ማኅተምም ያው ነጥብ ናቸው። ማንም ለፊደላችን ብሎ ማሽኑን ማስተካከል አላስፈለገውም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። የውጭውን ታሪክ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፋክስ ከስልክ በፊት መታሰቡ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤይን ጽሑፍን በሽቦ ገልብጦ የሚልክበትን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው በ1843 ነው። ግራሃም ቤል ስልኩን ያስመዘገበው በ1876 ነው። ጣሊያናዊው ቄስ ጆቫኒ ካሴሊ ደግሞ ፓንቴሌግራፍ የተባለ ማሽን ሠራ፤ በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ዋና ሥራው ምን ሆነ መሰላችሁ? የባንክ ደንበኞችን ፊርማ ማመሳከር። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ከጅምሩ ሰው ከዚህ ማሽን የፈለገው "ይህን የጻፈው እውነት እሱ ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተጓተተ። ጋዜጦች ፎቶግራፍ ይላላኩበት ነበር፤ ተራው ቢሮ ግን አላገኘውም። ዜሮክስ በ1966 ለቢሮ ብሎ ያወጣው ማሽን ወደ 21 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ገጽ ለመላክ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ የአንዱ ኩባንያ ማሽን ከሌላው ጋር በቀላሉ አይግባባም። በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው በ1980 የወጣው "ግሩፕ 3" የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ የትም የተሠራ ማሽን ከየትኛውም ጋር ይነጋገራል፤ ገጹም በ1 ደቂቃ ገደማ፣ አንዳንዴም ባነሰ ጊዜ ያልፋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን የጃፓን ታሪክ ነው። ጃፓኖችም የእኛ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፤ የእነሱ ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤት የሚማሯቸው የካንጂ ምልክቶች ብቻ ወደ 2000 ይጠጋሉ። ይህን በቴሌክስ እንዴት አድርጎ ይላካል? በእጅ ጽፎ እንዳለ የሚልክ ማሽን ለእነሱ ሕልውና ነበር። ስለዚህ ገፉበት። በ1980ዎቹ የዓለምን ቢሮ የሞሉት ማሽኖች የእነ ሪኮ፣ የእነ ካነን፣ የእነ ፓናሶኒክ፣ የእነ ሻርፕ ናቸው። የእኛም ጃፓን ሠራሽ ነበር። ጃፓኖች ለራሳቸው ፊደል ብለው የደከሙበት ማሽን የእኛንም ፊደል ተሸከመልን። ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው።

አላላኩን ላልደረሰበት ልንገረው። መጀመሪያ ደብዳቤው ይተየባል። ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ፤ ከፊርማው ሥር ስማቸውንና ኃላፊነታቸውን የያዘው ቲተር ይመታል፤ ማኅተሙ የፊርማውን ጫፍ ነካ አድርጎ ያርፋል። ወጪ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። እደውላለሁ። እዚያ ስልኩም ፋክሱም በአንድ መስመር ስለሆነ ሰው ያነሳዋል። "እባክሽ ሲግናል ስጪኝ" እላለሁ። "እሺ፣ ለቅቄያለሁ" ትላለች። ቀጭን ድምፅ ይመጣል፤ ስታርት እጫናለሁ። ሁለቱ ማሽኖች ለጥቂት ሰከንድ ይጯጯሃሉ። ያ ጩኸት ድርድር ነው። በሰከንድ 9600 ቢት እንላላክ ይባባላሉ፤ መስመሩ ካልቻለ ወደ 7200፣ ወደ 4800፣ ወደ 2400 ይወርዳሉ። ክረምት ላይ ኬብል ውስጥ ውኃ ሲገባ መስመሩ ይንጫጫል፤ የዚያን ጊዜ ገጹ ምን ያህል እንደሚጎተት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በመሐል መብራት ከጠፋ ወይም እዚያ ማዶ አንዱ ስልኩን ብድግ ካደረገው ገጹ ግማሽ ላይ ይቀራል። እንደገና ነው። ሲሳካ ማሽኑ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተደወለበትን ቁጥርና የገጹን ብዛት የያዘች ማረጋገጫ ያወጣል። እሷን ከቀሪው፣ እኛ ዘንድ ከሚቀመጠው ቅጂ ጋር በስቴፕለር አያይዤ ፋይል አደርጋለሁ። "ደብዳቤው አልደረሰንም" ለሚል ሰው መልሱ እሷ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለአማርኛ ደብዳቤ የግድ ነበር። ማሽኑ በተራው አላላክ ቁልቁል በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 3.85 መስመር ብቻ ነው የሚያነበው። በታይፕ ለተመታ እንግሊዝኛ ይበቃል። ለእኛ አይበቃም። "ቡ"ን እና "ቢ"ን አስቡ። ሁለቱም በቀኝ በኩል አንዲት ጭረት ናቸው፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ ሌላዋ እግሩ ሥር። ጭረቷ በሁለት መስመር መካከል ከወደቀች ጠፋች። ስለዚህ "ፋይን" የምትለውን ቁልፍ እጫናለሁ። ንባቡ በእጥፍ ይጠነቀቃል፤ 7.7 መስመር ይሆናል። ጊዜውም የስልክ ሒሳቡም አብሮ ይጨምራል። ቢሆንም ለአማርኛ ደብዳቤ ይህችን ቁልፍ የሚሰስት ሰው ደስ አይለኝም ነበር። የሰው ስም በትክክል መድረስ አለበት።

ቡናው ንግድ ውስጥ ደግሞ ፋክስ ሌላ ጥቅም ነበረው። ሰው ባይኖርም ይቀበላል። ዋጋ የሚቆረጠው የኒውዮርክን ገበያ እያዩ ነው፤ ኒውዮርክ ውሎ ሲዘጋ እዚህ መሽቷል። ጃፓን ያለው ገዢ ደግሞ በ6 ሰዓት ይቀድመናል፤ እኛ ቢሮ ስንገባ እሱ ግማሽ ቀን ሠርቷል። ጠዋት በሩን ስንከፍት ማሽኑ ሌሊቱን ሲያወጣው ያደረው ወረቀት እንደ ክታብ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይጠብቀናል። እያቃናን እናነባለን። ናሙናውን የተቀበለው አለ፤ በአንድ ፓውንድ ክብደት ይህን ያህል ሳንቲም ቀንሱ የሚል አለ፤ የመርከብ ቀን የሚጠይቅ አለ። ስልክ ቢሆን ኖሮ አንዱ ወገን እንቅልፉን ማጣት ነበረበት።

ስለ ማኅተም በደንብ ማውራት አለብኝ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። እኛ አገር ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም። ይህን እንደ ቢሮክራሲ አባዜ ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። ደብዳቤ የያዘ ሰው ከማያውቀው ሹም ፊት ነው የሚቆመው። ተቀባዩ ላኪውን አያውቀውም፤ ድምፁን ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀው ማኅተሙን ነው። ስልክ ቃሉን ያደርሳል፤ ማኅተሙን አያደርስም። ቴሌክስም እንደዚያው። ፋክስ ግን ማኅተሙን ይዞት ይደርሳል። ሰማያዊው ወይም ሐምራዊው ክብ እዚያ ሲደርስ ጥቁር ይሆናል፤ ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ግን ይነበባል። ቀለም ስለሌለው ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ ግን ሥራ ያስጀምራል። "ኦርጅናሉ በፖስታ ይደርሳችኋል" ይባልና ሥራው ይጀመራል፤ ክፍያው ኦርጅናሉን ይጠብቃል። እንዲህ በሁለት እግር መሄዱ ብልህነት ነበር።

የጨረታ ማስታወቂያዎች ላይ ደግሞ በፋክስ የሚላክ ሰነድ ተቀባይነት የለውም የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ይህም ምክንያት አለው። ጨረታ በታሸገ ፖስታ ነው የሚገባው፤ ፋክስ ግን ማሽኑ አጠገብ ያለፈ ሁሉ የሚያነበው ነገር ነው።

ኮምፒውተር መጣ፤ ፋክስ ግን አልሞተም። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ኢሜይል ከዚያ ወዲህ ቢኖርም አማርኛ ደብዳቤ አይልክም ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው። ቪዥዋል ግዕዝ ያለው ቢሮ የጻፈው ፓወር ግዕዝ ብቻ ባለው ቢሮ ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ቁልል ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች እስኪቀበሉት ደግሞ ዓመታት ወሰደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያደረግነው ቀላል ነው። በኮምፒውተር ጽፈን እናትማለን፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በፋክስ ይሄዳል። ስለዚህ "ኢሜይል እያለ ለምን በፋክስ ትልኩ ነበር?" ለምትሉ ልጆች መልሱ ይኸው ነው። ፊደላችን ሳይበላሽ የሚደርሰው በዚያ ብቻ ስለነበር ነው።

ክልሎቹ ሲቋቋሙ ደግሞ ደብዳቤው በዛ። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ አዳዲስ ቢሮዎች ተከፈቱ። ከአዲስ አበባ ጋር በየቀኑ ይጻጻፋሉ። አንድ ደብዳቤ በፖስታ ወይም በአውቶቡስ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። ፋክስ ይህን በሰዓታት አደረገው። ማሽን የሌለው ዜጋ ደግሞ "ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ፋክስ" የሚል ሰሌዳ ወደተሰቀለበት ሱቅ ይሄዳል። ውጭ ካለ ዘመድ የሚላክ የስፖንሰር ወረቀት፣ ለኤምባሲ የሚቀርብ ማስረጃ፣ የውክልና ቅጂ በነዚህ ሱቆች በኩል አልፏል። ባለ ሱቁ በገጽ ያስከፍላል፤ ሰውየው ወረቀቱ ከማሽኑ ወጥቶ እስኪያልቅ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆማል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ወረቀት ላይ የነበረው ጥቁር የማተሚያ ቀለም አልነበረም። ወረቀቱ ኬሚካል የተቀባ ነው፤ ማሽኑ በሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። የጠቆረው ደግሞ ይመለሳል። ብርሃን፣ ሙቀት፣ ጊዜ ያነጣዋል። ጠንቃቃ ቢሮ እንደመጣ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አድርጎ ኮፒውን ያስቀምጣል። ሁሉም ቢሮ ጠንቃቃ አልነበረም።

አንድ የማከብራቸው ሰው ለጡረታ ጉዳይ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ፍለጋ የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ዝውውራቸውን ያጸደቀው ደብዳቤ በፋክስ ነበር የመጣው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት፤ ፋይሉን አገኘችው። ገጹንም አገኘችው። ቢጫ ያዘ ልሙጥ ወረቀት ነው። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብታዘነብለው የማኅተሙ ክብ በጥቂቱ ታየ። ስማቸው ያለበት መስመር ግን ምንም የለበትም። "አባባ፣ ወረቀቱ ይሄ ነው፤ ግን ምን ልጽፍልዎት እችላለሁ?" አለቻቸው። እሳቸው ደጋግመው "እዚህ ላይ ነበር" እያሉ በጣታቸው ባዶውን ቦታ ያሳዩ ነበር። ጉዳያቸው በምስክርና በሌላ ወረቀት ድጋፍ ብዙ ተንከራተው ነው ያለቀላቸው። ይህ የደረሰባቸው እሳቸው ብቻ አይደሉም ብዬ እፈራለሁ። በየመዝገብ ቤቱ ያለው የዚያ ዘመን ፋይል ይህን አደጋ ተሸክሞ ነው የተቀመጠው።

ዛሬ ቢሮዎቻችን በምን ይላላካሉ? በቴሌግራም። ደብዳቤው ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሳና ይላካል። ልብ ካላችሁ ይህ ራሱ ፋክስ ነው። ወረቀቱን ወደ ነጥብ ለውጦ እንዳለ መላክ። ቀለሙ ጨመረ፣ ፈጠነ፣ ረከሰ። ግን ሦስት ነገር ጎደለው። መጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ ገቢ ቁጥር አያገኝም። ሁለተኛ፣ የሚቀመጠው አንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲለቅ ወይም ስልኩ ሲሰረቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ በፎቶ ላይ ማኅተም ቆርጦ መለጠፍ ቀላል ሆኗል። "በስማችን የሚዘዋወረው ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው" የሚል መግለጫ የማይወጣበት ጊዜ የለም። ፋክስም ቢሆን ይጭበረበር ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ፋክስ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ወረቀቱ የሚገባው መዝገብ ቤት ነው።

ሌላውም ዓለም ከፋክስ ጋር በቀላሉ አልተለያየም። የእንግሊዝ የሕክምና አገልግሎት አዲስ ፋክስ እንዳይገዛ የተከለከለው ገና በ2019 ነው። ጃፓን ውስጥ በኮሮና ጊዜ ሐኪሞች የታማሚዎችን መረጃ በእጅ እየሞሉ በፋክስ ይልኩ ነበር። በ2021 መንግሥት ፋክስን ከመሥሪያ ቤቶች ላስወጣ ሲል ከራሱ ቢሮዎች ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። አንዱ ስጋታቸው ምስጢራዊ ሰነድ በኢሜይል ይሾልካል የሚል ነበር። እኔ እነዚህን ሰዎች እረዳቸዋለሁ። ያመኑበትን ነገር ለመተው፣ የሚተካው መታመን አለበት።

እኛም መተኪያው በሕግ ደረጃ አለን። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ተከትሎታል። ሕጉ ወደ መዝገብ ቤቷ ጠረጴዛ እስኪወርድ ድረስ ግን በቴሌግራም የገባ ደብዳቤ ታትሞ ገቢ ቁጥር ይሰጠው፤ ከማን፣ በማን ስልክ፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ ጥግ ላይ ይጻፍበት። ይህ በጀት አይጠይቅም።

የድሮ የፋክስ ወረቀት ያለበት ፋይል እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ክፈቱት። ልሙጡንና የሚጠቀለለውን ወረቀት ለዩ። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከሆነ አውጡት፤ ፕላስቲኩ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ፕላስተር አትለጥፉበት፣ በማድመቂያ ብዕር አታስምሩበት፣ ፀሐይ አታስነኩት። የደበዘዘ ከሆነ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ጠቆር አድርጋችሁ ኮፒ አድርጉ፤ ስካነር ካለም ስካን አድርጉት። ኮፒውን ከኦርጅናሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ኮፒ የተደረገበትን ቀንና ኮፒ ያደረገውን ሰው ስም ጻፉበት። የቅጥር፣ የዝውውርና የደመወዝ ደብዳቤዎችን አስቀድሙ።